ከብርድ የሚቀዳ ሙቀት

ጤናዬ ጎንበስ ብላ ቴርሞሜትሩን ምንጩ ውስጥ ነከረችና፣ «ና እንጂ ላቀው፣ አንብብልኝ!» ብላ ተጣራች።

ላቀው ከምንጩ ራቅ ብሎ ቆሟል። ትናንት ከደባርቅ ገበያ ሲመለስ ድረስ የሚባለው ጎረቤቱ አጥር ጥግ ወስዶ የልጁን የያርጋልን ሞት ነግሮታል። ለብሔራዊ ውትድርና እንደሄደ በዚያው ቀረ። መርዶው የሚነገረው ግን ነገ ጎህ ሲቀድ፣ የዳባት ዘመዶች ሲደርሱ ነው፤ እስከዚያ እናቱ ጤናዬ እንዳትሰማ አፍህን ያዝ ተብሏል። ወይ አፍን መያዝ! አንጀቱንስ ማን ይያዝለት?

ባልና ሚስቱ ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሠርተው አዳሪ ናቸው። ባና በፍል ውሃ ካልታሸ ባና አይሆንም፤ ማገዶው ደግሞ ከአገሩ ጠፋ። ያርጋል ባሕር ዳር ሲማር ታዲያ፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት ቀድቶ ሌላውን ውሃ የሚያፈላ ሞተር ልሥራ ብሎ ተነሣ። አገሬው «ከብርድ ደግሞ ሙቀት ይቀዳል?» ብሎ ሳቀበት። እሱ ግን «ወረቀት ላይ ካልፈላ ብረት ላይ አይፈላም» እያለ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚያሞቅ አስቀድሞ ማስላት ያዘ። ለስሌቱ የምንጩ ቅዝቃዜ በየወራቱ ያስፈልገዋል። ለውትድርና ሲወስዱት ቴርሞሜትሩን ለእናቱ ሰጣት። ዓይኗ ስለደከመ የሚያነብላት ላቀው ነው።

«ምነው ዛሬ? ብርዱ አደነዘዘህ እንዴ?»

«መጣሁ።»

«ልጄ ሲመለስ ‹እማዬ፣ የጥቅምቱ የታል?› ቢለኝ ምን ልለው ነው? ውርጭ ሲሆን ሞተሩ ይከብደዋል ብሎ የለ?»

«አዎ፤ የውርጩን ቁጥር አብልጦ ይወድ ነበር።»

ጤናዬ ቀና አለች።

«ነበር?»

ላቀው ፊቱን አዞረ። ያኔ ትናንት የድረስ ሚስት ውቢት ያለ ምክንያት እቅፍ አድርጋ የሳመቻት ነገር ገባት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

«ነገ… ጎህ ሲቀድ።»

«ወይኔ ልጄን!» አለች፤ ግን በሹክሹክታ ነው። ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ይዛው ቆየችና መልሳ አስተካከለችው። «እንግዲያ ነገ እጮኻለሁ። ዛሬ ሥራውን ልጨርስለት።»

ቴርሞሜትሩን መልሳ ነከረችው።

«ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ» አለ ላቀው፣ እንባው እየወረደ።

«ጮክ በል፤ ይስማ።»