የአባት ፈቃድ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ

መስከረም 2015 ነው። ጦርነቱ ቆቦን ከእኛ ቆርጧል፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፍቷል፤ እዚህ መርሳ ላይ ግን ሠርግ ተደግሷል። ሙሽራዋ ናጅዋ የአጥር ጎረቤቴ ናት። አባቷ ጋሽ አብዱልሐሊም ቆቦ ያለውን ሱቃቸውን ሊዘጉ ሄደው መንገዱ እሳቸውኑ ዘጋባቸው። ኒካሁን ለማሰር ከግራና የመጡት ሼህ ሙሄዲን ደግሞ ቁርጡን ተናገሩ፤ «አባት በሕይወት እያለ፣ ያለ ፈቃዱ ኒካህ አላስርም።»

ፈቃዱስ ነበር። ከቆቦ በእግሩ የመጣው ያሬድ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ከመውጣቱ በፊት ጋሽ አብዱልሐሊምን በቪዲዮ ቀርጿቸዋል። ቪዲዮው ላፕቶፑ ውስጥ አለ። ላፕቶፑ ግን የአላ ውሃን ወንዝ ሲሻገሩ ከነባለቤቱ ወድቆ ድምፁ ጠፍቷል፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹ ተሰባብረዋል፣ ስክሪኑም ግማሹ ጨለማ ነው። ያሬድ ይሻላል፤ እሱ የሚያነክሰው በአንድ እግሩ ብቻ ነው።

«የአንድ ሰው ወሬ አይበቃኝም፤ ድምፁን ልስማ» አሉ ሼሁ። ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በፊት ወደ ግራና ሊመለሱ ነው። ዛሬ ካልታሰረ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሙሽራው ጁነይድ በአዲሱ ሱፉ ውስጥ ላብ አጠመቀው።

እኔ እልፍነሽ እባላለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ትዕግሥት የለኝም። «ወደ ሱቄ አምጡት! በዋይፋይ እስበዋለሁ» አልኩ።

የናጅዋ አጎት አቡበከር ሳቁብኝ። «አንቺ ደግሞ! ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንቱ አይደል?»

«ጋሼ፣ ከአንቱ ቤት እኔ ቤት ለመምጣት የደሴ መንገድ መከፈት አለበት?»

«ኧረ የለበትም።»

«በቃ፣ ይሄም እንደዚያው ነው።»

ጀነሬተሩን አስነሳሁ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ዋይፋዩ ላይ ገቡ። የእኔ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ የያሬድ ግን ቫይረስ አስመርሮት በለወጠው በሊኑክስ። እሱ ፎልደሩን ሼር አደረገ፣ ፓስዎርድ ሰጠኝ፤ እኔ አድራሻውን ጻፍኩ። እምቢ። ደግሜ ጻፍኩ። እምቢ!

«ፓስዎርዱን ተሳስተሻል» አለኝ ያሬድ።

«የተሳሳትከውስ አንተ!»

«እኔ ስምንት ዓመት ፎቶ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ነበር?»

ሱቁ በሽማግሌ ጢም ብሏል። ሙሽራ እንዲህ በቀላሉ አትታይምና፣ ናጅዋ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ከሚዜዎቿ ጋር ተቀምጣለች። ስታለቅስ ሰማኋት። ኪቦርዱን ልወረውረው ስነሳ ሼህ ሙሄዲን ትከሻዬን ያዙ። «አብሽሪ ልጄ፣ ረጋ በይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ሳላነብ ስዘጋው የቆየሁትን መልእክት በወጉ ያነበብኩት። በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል የቀን ልዩነት ስላለ አልከፍትም ይላል።

«ያሬድ፣ ኮምፒውተርህ ዛሬን ስንት ነው ይላል?»

«መስከረም 12፣ 2015። ልክ ነዋ!»

«የኔ 2022 ነው የሚለው!»

ያሬድ አፉን ያዘ። ለካ ደንበኞቹ ፎቷቸው ላይ የሚታተመው ቀን የፈረንጅ ከሆነ አንወስድም እያሉ ስላስቸገሩት፣ ኮምፒውተሩን ከነዓመቱ ከነሰዓቱ በሀበሻ ሞልቶታል። ሁለቱ ማሽኖች ሰባት ዓመት ተራርቀው ነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጨቃጨቁት!

ሳቅ አፈነኝ። ያሬድ መሬት ቁጭ አለ። ሼሁ ምኑም ሳይገባቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹም እሳቸውን አይተው ተከተሉ።

ያሬድ በደህናው ግማሽ ስክሪን እያጮለቀ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ሲለውጠው፣ ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቪዲዮውን ወደ እኔ ገልብጬ አጫወትኩት።

ጋሽ አብዱልሐሊም ስክሪኔን ሞሉት። «ቢስሚላሂ» አሉ። «ልጄን ናጅዋን ለጁነይድ ወድጄ ሰጥቻለሁ። በእኔ ቦታ ወንድሜን አቡበከርን ወክያለሁ።»

«የራሱ ድምፅ ነው» ብለው ሁለት ሽማግሌዎች መሰከሩ። ሼሁ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱቁ በእልልታ ተናጋ።

ቪዲዮው ግን አላለቀም። ያሬድ መቅረጫውን አላጠፋውም ነበርና፣ ጋሽ አብዱልሐሊም ያለቀ መስሏቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አንተ ልጅ፣ በአላህ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ነገር ናጅዋ ዘንድ ይደርሳል?»

መጋረጃው ተገለጠ። ናጅዋ በሙሽራ ልብሷ ሽማግሌዎቹን እየገፋች መጥታ ስክሪኑ ፊት ቆመች።

«ደርሷል አባዬ!» ብላ ጮኸች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ደርሷል!»

ተመለሽ ያላት የለም። ሼህ ሙሄዲን ዓይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ አበሱና፣ እዚያው ፎቶ ኮፒ ማሽኔ አጠገብ ተቀምጠው ኒካሁን አሰሩ።