ወተቴን ውኃ ነው ያለ ማሽን

ሱሉልታ ካለው የወተት ማኅበራችን በር ላይ ጠዋት ቀድሞኝ የደረሰ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰልፉ የሚጀምረው ከእኔ ነው። ሰው "ጠጅቱ እንቅልፍ የላትም" ይላል። እንቅልፍስ አለኝ፤ የሌለኝ ስንፍና ነው።

ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ድርቆሹም ፉርሽካውም ከእኔ ምሳ በፊት ለእነሱ ይቀርባል። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ሰፈር ያቆመኝ ስሜ ነው፤ ስሜ ደግሞ ወተቴ ነው። ታዲያ አዲሱ የወተት መመርመሪያ ማሽን ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ሃያ ሰው በተሰለፈበት፣ ወተቴን በቀጭን ቱቦው መጠጥ አድርጎ "ውኃ ዘጠኝ በመቶ" ሲል ሳቅሁ። ገና ስለሆነ ነው፣ ሰው አልለመደም ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ሲደግመው ግን አልሳቅሁም።

የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ በወተቱ ውኃ የተገኘበት አባል ይሰረዛል። ሁለቱ በእኔ ስም ተጽፈዋል። ሦስተኛው ከመጣ ስሜ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ከጠጅቱ ቤት ወተት የሚገዛ የለም፣ ጥጃም ቢሆን አይገዛም።

እንዳልዋሽ፣ ማሽኑ ይገዛ ሲባል መጀመሪያ እጇን ያወጣች እኔ ነኝ። ድሮ ትጊ፣ ወተት የምትረከበው ልጅ፣ የምትለካው በመስታወት መለኪያ ነበር፤ ወተቱ ውስጥ ትለቀዋለች፣ ሲንሳፈፍ ቁጥሩን ታነባለች። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ የሚቆመው ጎረቤቴ ሊቤ አንዲት ላም ይዞ የሁለት ላም ወተት ያመጣል። መስታወቱ አልያዘውም፤ ማሽን ይያዘው ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት። ማሽኑ መጣና እኔን ያዘኝ። ሊቤን "ውኃ ዜሮ" አለው። ጥርሱን ማየት ነበር!

አገዛዙም በፊታችን ነው የሆነው። ሥራ አስኪያጃችን ቢንያም፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እየተመላለሰ የሚሠራ፣ ክራባት የማይለየው ልጅ፣ በጉባኤ ላይ ሦስት ወረቀት አወጣ። "ፕሮፎርማ ነው" አለን፤ ሦስት ሻጮች የጻፉት ዋጋ ማለት ነው። "ሦስቱም አንድ ዓይነት ማሽን ነው፤ የዚህኛው ዋጋ ግን ዝቅ ይላል" ሲል አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ለምን ዝቅ አለ ያለ አንድ ሰው የለም።

በሁለተኛው ቀን ወተቴን መልሰው ሲሰጡኝ ቢንያም ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝ።

"እማማ፣ ምናልባት ልጆች ቢዶኑን ሲያጥቡ ይሆናል። እድሜም አለ፣ ሊረሱ ይችላሉ።"

"የምን ልጆች? ቢዶኔን የማጥበው እኔ ነኝ። እድሜዬን ደግሞ ተወው፤ አንተ ክራባትህን ማሰር ሳትማር እኔ ላም አልብ ነበር።"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ነው ያለው።"

"ማሽኑማ አፍ አለው፤ ዓይን ግን የለውም።"

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሰልፉ እስኪያልቅ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ትጊ ሥራዋን ጨርሳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ቢዶኖቹን አጠበችና ደፍታ ደረደረቻቸው፤ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄደች። ቱቦውን ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ነከረችው፣ ማሽኑ ጠጣ፣ ደግሞ ጠጣ፣ አጠፋችውና ጨርቅ አለበሰችው።

ወተት የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የታጠበ ዕቃ ካልተደፋ ነገ የሚገባበት ወተት ውኃ ይቀላቀለዋል። ቢዶኑ ተደፍቷል። ማሽኑን ማን ደፋው?

"ትጊ፣ ይቺ ቱቦ የጠጣችውን ውኃ የት ታደርገዋለች?"

"ትተፋዋለች እማማ።"

"ሁሉንም?"

ቱቦውን አየችው። "እንጃ።"

"እንዲህ አድርገሽ እጠቢ ያለሽ ማን ነው?"

"ማንም። ጋሽ ቢንያም ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ሥዕል አይቶ ነው ያሳየኝ። ጽሑፉ የእኛ አገር አይደለም።"

ቤቴ ስገባ ነገሩ በራልኝ። ቱቦዋ ትናንት የጠጣችው ውኃ ዛሬ ጠዋት ሆዷ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ የቀረበው ወተት ይጠርገዋል። መጀመሪያ የምቀርበው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነኝ!

እውነቱን ልናገርና፣ ከዚህ በኋላ የመጣብኝ ሐሳብ ደግ አልነበረም። ነገ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብል ሊቤ ይቀድማል፣ ሊቤ ይያዛል። ማን ይገረማል? "ድሮም ጠርጥረነው ነበር" ይባላል። ጣፈጠኝ፤ አልክድም። ኋላ ግን ሳስበው ሊቤ ቢያዝ የእኔ ሁለቱ ከመዝገብ አይፋቁም፤ ሁለት ሌቦች ነን የምንባለው። ደግሞም ማሽኑ ዜሮ ብሎት፣ ሌባ አለመሆኑን እያወቅሁ እንዴት አድርጌ ዓይኑን አያለሁ? ማንም ሊጠረጥረው የማይደፍር ሰው ነው መቅደም ያለበት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ቀድሜ ደረስኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ያደታም ሞተሩ ላይ ሁለት ቢዶን ጭኖ መጣ፤ በሌላው ቀን ሚስቱ ናት የምትመጣው። ለምን ራሱ እንደመጣ ሁላችንም ገብቶናል፤ ሦስተኛዬ ከመጣ ስሜን የሚሰርዘው እሱ ነው።

"አካም ቡልተን አዴ ጠጅቱ" አለኝ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

"ደኅና አድሬአለሁ። ወተትህን አምጣና ቅደም።"

"ኧረ ተራው የእርስዎ ነው።"

"ተራዬን ሰጠሁህ።"

ሊቤ ከኋላዬ ጮኸ። "ጉድ ነው! እማማ ተራ ለቀቁ! ዛሬ ዝናብ ሊዘንብ ነው!"

"አንተ ዝም በል፤ ላንተ አይደለም የሰጠሁት።" ወደ ያደታ ዞርኩ። "ምነው፣ ትፈራለህ?"

"እኔ? ምን ያስፈራኛል?" ቢዶኑን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ትጊ በብርጭቆ ቀዳች። ማሽኑ መጠጥ አደረገ፣ ትንሽ አጉረመረመ።

ትጊ ቁጥሩን አየች፣ ያደታን አየች፣ ደግሞ ቁጥሩን አየች።

"አንብቢው እንጂ!" አላት ያደታ።

"ውኃ... ስምንት በመቶ።"

የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ። "ያ ዋቅ! ውኃ? የእኔ ወተት? ሚስቴ ናት ያለበችው፣ እኔው ቆሜ አይቼ..."

"እኔም ትናንት እንዲህ ነበር የምለው፤ የሰማኝ ግን የለም። አሁን የእኔን ቅጂ" አልኳት ትጊን። ሐሳቤ ስህተት ከሆነ በገዛ አፌ መቃብሬን ቆፍሬአለሁ።

ማሽኑ ጠጣ። ያቺ አጭር ጊዜ ከሁለት ወሩ ጾም ረዘመችብኝ።

"ውኃ ዜሮ!" ትጊ ጮኸች። "እማማ፣ ዜሮ!"

"የእሱን ድገሚው።"

የያደታም ዜሮ ሆነ። የሊቤም ዜሮ ሆነ። ያደታ እፎይ ብሎ ሞተሩ ላይ ተደገፈ፤ ያን የሚያህል ሰው።

የቱቦውን ነገር፣ የተደፋውን ቢዶን፣ ያልተደፋውን ማሽን አስረዳኋቸው። ሊቤ ጭንቅላቱን እያከከ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እማማ፣ ከኋላዎ እኮ እኔ ነበርኩ። ለምን እኔን አላስቀደሙኝም?"

"አስቤ ነበር።"

"ታዲያስ?"

"አንተ ብትያዝ የሚጠረጥሩት ማሽኑን ሳይሆን አንተን ነበር። እኔም ስጠረጥርህ ኖሬአለሁ፤ ይቅር በለኝ።"

ሊቤ የእኔን ባዶ ቢዶን ከራሱ ጋር አንስቶ ወደ ማጠቢያው ወሰደልኝ።

ቢንያም ያን ጊዜ ለሻጩ ደውሎ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ አደረገው። ሰውዬው በረጋ ድምፅ እንዲህ አለ፦ "ከታጠበ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት አይቆጠርም፤ ይደፋል። ስልጠናውን ብትወስዱ ኖሮ መጀመሪያ የምንነግራችሁ ይህንን ነበር።"

"የምን ስልጠና?" አለ ያደታ።

ቢንያም ክራባቱን ላላ አደረገ። "የሌሎቹ የሁለቱ ፕሮፎርማ የሁለት ቀን ስልጠና ነበረው፣ በየስድስት ወሩም መጥተው ሊያዩልን፤ ይህኛው ግን ስልጠናውን ለብቻው ነው የሚሸጠው። የገዛነው ማሽኑን ብቻ ነው። ለዚያ ነው የረከሰው።"

"አውቀህ ነው የተውከው?"

"ኦዲተር ሲመጣ ዝቅተኛውን ዋጋ ለምን አልወሰድክም ነው የሚለኝ፤ ስልጠናውን ለምን ተውክ ያለኝ ኦዲተር እስከ ዛሬ የለም።"

ልጁ አሳዘነኝ። ግን አልተውኩትም። "ስማ ቢንያም፤ ላም ሲገዛ ሰው ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው? አመሏን ይጠይቃል። በጥጃ ነው የምትታለበው ያለ ጥጃ? ትራገጣለች? ከየትኛው ጎን ይጠጓታል? አመሏን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ጥርሱ ሲረግፍ ላሟን ይረግማል።"

ከሰልፉ ጀርባ አንዱ "ይመለስላቸው! እኛ መስታወታችን ይበቃናል!" ብሎ ጮኸ።

"የምን መመለስ!" አልኩት። "ማሽኑ አልዋሸም። ውኃ አለ አለ፤ ውኃም ነበረ። ያየው የራሱን ውኃ ነው። የቀረው አስተማሪው ነውና እሱን ግዙት።"

እዚያው ቆመን ተስማማን። ስልጠናው ይገዛል፣ በየስድስት ወሩ የሚያየው ባለሙያም ይዋዋላል። ከእንግዲህ ወዲያ ማን ያስተምረናል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል ተብሎ ሳይጠየቅ ዕቃ አይገዛም። ኦዲተሩ ከጠየቀ ያደታ ራሱ ይመልሳል።

"መዝገቡን አምጡ" አልኩ። ቢንያም አመጣው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ስሜ የተጻፈበትን ሁለት መስመር ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ሲጻፉ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያደታ በሰው ሁሉ ፊት ሁለቱንም ሰረዘ፣ ከጎኑ "ስህተቱ የማኅበሩ ነው" ብሎ ጻፈ፣ ጮክ ብሎም አነበበው። ትጊ እንድታነብልኝ ደግሞ አዘዝኳት። አንድ ዓይነት ነበር።

ለካ እስካሁን የተሸከመኝ ቁጣው ኖሯል፤ ቁጣው ሲሄድ የሚሸከመኝ ጠፋ። ሊቤ እስከ ቤቴ አደረሰኝ። ላሞቹን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አሠርኩና አጠገባቸው ድርቆሹ ላይ ጋደም አልኩ፤ በሕይወቴ በጠራራ ፀሐይ ተኝቼ አላውቅም። በአጥሩ በኩል የምታልፍ አንዲት ሴት አየችኝና ደነገጠች።

"እማማ ጠጅቱ! ምነው፣ አመምዎት እንዴ?"

"ኧረ ደኅና ነኝ" አልኳት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።