ደም የሌለው መለኪያ

ከሁለቱ እህትማማቾች ታናሽየዋ በሚለገሳት የሰው ደም የኖረች ናት። ከተሰጣት ብዛት ሰውነቷ ባዕድ ደም መለየት ተማረና አሁን የማንንም አልቀበልም ብሏል። ወንድማቸው ክንዱን ዘርግቶ ነበር፤ ደሙ አልገጠመም። "ደሜም እንደ እኔ መራጭ ወጣ" እያለች ትቀልዳለች፤ ባል ስትመርጥ ዘመድ አዝማዱን ያሰለቸች ሴት ናትና።

ታላቅየዋ የደም ባንክ ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የቀራት መንገድ የእህቷን የደም ዓይነት ከዘረመሏ ፊደል በፊደል አንብባ አምሳያ ለጋሽ መፈለግ ነበር። በላብራቶሪው የማይታለፍ ደንብ አለ፦ ከታማሚው ናሙና ጎን "መለኪያ" የሚሉት፣ ብርቅ ደም ከነበረው ሰው የተወሰደ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ዘረመል ለማረጋገጫ አብሮ ይነበባል።

ውጤቱ ሲወጣ የእህቷና የመለኪያው አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። የላብራቶሪ ሰው እንዲህ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከመለኪያው ብልቃጥ ጠብታ ወደ ታማሚው ናሙና ሾልኮ ገብቷል። "እጄ ይሰበር!" ብላ ጣለችው። ደገመችው፤ ያው። ጠረጴዛውን አጥባ፣ ክፍል ቀይራ፣ ደሙን ትታ ከእህቷ ጉንጭ ናሙና ወስዳ ሠራችው፤ አሁንም ያው። እሷ ከገዛ እጇ ጋር ስትጣላ እህቷ እየገረጣች፣ ትንፋሽ እያጠራት ሄደች።

በመጨረሻ ገባት። መለኪያው እኮ ሰው ነው፤ ደሙም ለእህቷ ይገጥማል! መለኪያውን ወደሚያዘጋጀው ማዕከል ደወለች።

"ለጋሹ ካረፈ ቆይቷል" አላት የማዕከሉ ሰው በትህትና። "ሴሎቹን እዚህ እያራባን ነው ዘረመሉን የምናወጣው። ደም ግን አይወጣቸውም። ዘረመሉን ከሆነ የፈለጉትን ያህል እንልክልዎታለን።"

ስልኩን ዘግታ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የባከነው ጊዜ የሚለውጠው ነገር አልነበረም፤ እህቷ አጠገብ ልትቀመጥበት ትችል ነበር እንጂ።

ሆስፒታል ስትደርስ ታናሽየዋ ፊቷን አየችው።

"ልጆቼን ታመጪልኛለሽ?" አለቻት። "ግን ነገ ይሁን። ዛሬ ካዩኝ ይደነግጣሉ፤ ነገ ትንሽ ይሻለኛል።"

ታላቅየዋ የእህቷን ቀዝቃዛ እጅ ያዘች።

"ዛሬ ላምጣቸው፣ እህት ዓለም።"

ታናሽየዋ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች።

"እንግዲያው" አለች፣ "ፀጉሬን ያዝ ያዝ አድርጊልኝ።"