ለቤልሞር ጨዋታ የተቆጠበው ልጄ

ልጄ ኬንድሬል አሁን ያለበት ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። ተባሮ እንዳይመስላችሁ! ፈላጊው በዝቶ ነው። እኔን የሚሉኝ እንደዚያ ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል፣ ያ በእጅ የሚያዘው ኳስ ተጫዋች ነው፤ ኳስ ተቀባይ። ሩቅ የተወረወረውን እየሮጠ በእጁ ይቀልብና ብን ነው። ሃይስኩል እያለ እሱ የሚጫወት ቀን ከተማችን ውስጥ ክፍት ሱቅ አታገኙም ነበር። ቤልሞር ስቴት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሲወስደው ፓስተራችን እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ቆመው «ጌታ ቤልሞርን አሰበ» ብለው ሰበኩ። ጌታ ያሰበውን እንጃ፣ የቤልሞር ኮች ግን ልጄን አላሰበም። ኬንድሬል ሁለት ዓመት ወንበር አሞቀ።

ከዚያ ኮች ታኬት ኖርዝ ሳቢን ከሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጣልን። ሳሎኔ ተቀምጦ የጠበስኩትን ዶሮ ሙልጭ አድርጎ ከበላ በኋላ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «ሚስ ቬርሊን፣ እኛ ጋ ቡድን የሚባል የለም፤ ቤተሰብ ነን» አለኝ። እኔ ሞኟ እንባዬ መጣ። ልጄ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዶ ገና አልጋውን ሳይለምድ «ቤተሰቡ» ታኬት የተሻለ ደሞዝ አገኘና ቴክሳስ ገባ። ኬንድሬል የሰማው ከቴሌቪዥን ነው። አዲሱ ኮች ደግሞ የራሱን ተቀባዮች ከነሻንጣቸው ይዞ መጣ። ተጫዋች ሲዛወር «ታማኝነት የለውም» ይባላል፤ ኮች ሲዛወር ግን «እድገት አገኘ» ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ!

ኬንድሬል እንደገና ስሙን ፖርታሉ ላይ አስገባ። ፖርታል ማለት መዛወር የፈለገ ልጅ ሁሉ የሚወጣበት የኢንተርኔት ገበያ ነው። የከብት ተራ በሉት፣ የቀረው ጥርስ ገልጦ ማየት ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሩፈስ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይነተርከኛል።

«ሚስ ቬርሊን፣ ዘንድሮስ ማንን ነው የምንጠላው?»

«አንተን!» እለዋለሁ።

በመጨረሻ የኮልድዋተር ዩኒቨርሲቲ ኮች ፕሪዊት ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርገን አብረን ሰማነው። «ኬንድሬል፣ አንተን በተለይ ለቤልሞር ጨዋታ እንፈልግሃለን» አለ። ለቤልሞር! ለዚያ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ለተወው! ልጄ ከደስታው ብዛት ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔም «እሰይ፣ አምላክ የእጃቸውን ሊሰጣቸው ነው» አልኩ።

ዓመቱ ተጀመረ። ኬንድሬል አልገባም። በሚቀጥለውም አልገባም። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር እደውላለሁ።

«ዛሬስ?»

«አልገባሁም እማ። ለቤልሞር እየቆጠቡኝ ነው።»

«ምን፣ የክረምት ማገዶ ነህ እንዴ የሚቆጥቡህ?»

«እማ ደግሞ! ታክቲክ ነው እኮ።»

«ልምምድስ ያሠሩሃል?»

«ልምምድ እንኳን ብዙም አልሠራ። ከተከላካዮቹ ኮቾች ጋር የቤልሞርን የጨዋታ ፊልም ነው የማየው። ስለ ቤልሞር ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ። እንዴት እንደሚያዳምጡኝ ብታይ!»

የሚያዳምጠው በማግኘቱ ደስ ብሎታል፤ ምን ልበለው? ሃይስኩል ከጨረሰ ጀምሮ ልጄን ሜዳ ላይ ሲሮጥ አላየሁትም። ቤት ይግዛልኝ አላልኩ፣ ቴሌቪዥን ላይ ስሜን ይጥራ አላልኩ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሲሮጥ ልየው። ለዚህ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን አውቶቡስ ለመንኩ፤ የከተማው ግማሽ ተጭኖ ለቤልሞር ጨዋታ ኮልድዋተር ወረደ። ሩፈስም መጣ፤ አፉን ቤት ጥሎት አይመጣ ነገር።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ኬንድሬል ወጣ። ማልያው ንጹሕ፣ ቁመናው ያማረ፣ የእናቱ ልጅ! ሜዳ ገባ ብዬ ስነሳ ሄዶ ኮች ፕሪዊት አጠገብ ቆመ። ቆሞም ቀረ።

የስታዲየሙ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ኮቾች ለልጆቻቸው ትእዛዝ የሚሰጡት በሥዕል ነው። ከሜዳው ዳር ትልቅ ሰሌዳ ያነሳሉ፤ አንዱ ላይ ፍየል፣ አንዱ ላይ መጥበሻ፣ አንዱ ላይ ጃንጥላ። ፍየል ሲያዩ ኳሱን ይዘው ይሮጣሉ፣ መጥበሻ ሲያዩ ይወረውራሉ። የየትኛው ትርጉም ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቡድኑ ልጅ ብቻ ነው። የቡድኑ ልጅ የነበረም ያውቃል።

ቤልሞሮች ሰሌዳ ባነሱ ቁጥር ኬንድሬል ወደ ኮቹ ጆሮ ጠጋ ይላል።

«ምን እያለው ነው?» አልኩት ሩፈስን።

«አስገባኝ እያለው ይሆናላ።»

ፍየል ተነሳ፤ ልጄ አንሾካሾከ፤ ፕሪዊት እጁን አወናጨፈ፤ የኮልድዋተር ተከላካዮች ሯጩ ገና ሳይነሳ ሄደው ከመሩበት። መጥበሻ ተነሳ፤ ልጄ አንሾካሾከ፤ ኳሷን አየር ላይ ነጠቋት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጄን የፈለጉት ለእግሩ አይደለም።

«ኧረ ሚስ ቬርሊን» አለ ሩፈስ፣ «ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገውታል እኮ!»

«ዝም በል ሩፈስ።»

«ካላመንሽ እዪዋ...»

«ዝም በል ብያለሁ!»

እስከ ዕረፍት ኮልድዋተር በሰፊው መራ። ቤልሞሮችም ቢሆኑ ጅሎች አይደሉም፤ የቀድሞ ልጃቸው ማን ጆሮ ሥር እንደቆመ አይተዋል። ከዕረፍት ሲመለሱ ሥዕሎቹ ያው ናቸው፣ ትርጉማቸው ግን ተገልብጧል። ልጄ ይሮጣሉ ሲል ይወረውራሉ፣ ይወረውራሉ ሲል ይሮጣሉ። አንድ ጎል፣ ሌላ ጎል፣ ደግሞ ሌላ። ፕሪዊት ፊቱ ቲማቲም መስሎ ልጄ ላይ ይጮህ ጀመር፣ በሰው ሁሉ ፊት። መቼ ተነስቼ መቼ አጥሩ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም።

«አንተ ኮች! ልጄ ላይ አትጩህበት! አስገባው! እግር አለው፣ አስገባው!»

ሩፈስ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሯል፤ «ይግባ! ይግባ!» ብሎ ጀመረ። አውቶቡሱ ሙሉ ተቀበለው። ጨዋታው እንደሆነ አልቆለታል፣ ኮልድዋተር ተሸንፏል፣ የቀረው አንድ የማጥቃት ሙከራ ነው። ፕሪዊት ዞር ብሎ አየን፣ ልጄንም አየው፣ ከዚያ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን ወደ ሜዳው አወዛወዘ።

ኬንድሬል ገባ! እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይከለክለኛል?

የኮልድዋተር ሰሌዳ ተነሳ፤ ዶሮና ባልዲ። ሌሎቹ ልጆች አንዴ አይተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ልጄ ግን ሰሌዳውን አየ፣ ጓደኞቹን አየ፣ ደግሞ ሰሌዳውን አየ። ኳሱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ሮጠ። አቤት አሯሯጥ! ያ የማውቀው ሩጫ፣ ጉልበቱ ከፍ ከፍ የሚለው። ኳሱ የተወረወረው በወዲያኛው ጥግ ነበር፤ ተከላካዩም ሰዉም ወደዚያው ጎረፈ። ልጄ ከሜዳው ጫፍ ደርሶ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ ብቻውን ቆመ። ፊሽካ ተነፋ።

ከጨዋታው በኋላ አጥሩ ጋ ቆመን ሳለ የቤልሞሩ ኮች ስታንፊል እየሳቀ መጣና ልጄን አቀፈው።

«ኬንድሬል! ናፍቀኸናል እኮ! እናት፣ እንዴት ነዎት? ልጅዎ ወርቅ ነው፣ ወርቅ! ስማኝ፣ የሚቀርህን ዓመት ወደ ቤትህ ተመለስ። በሚመጣው ዓመት ኮልድዋተርን የምንገጥመው መጀመሪያ ላይ ነው። ምልክታቸውን ሁሉ ታውቃለህ፣ አይደል?»

ኬንድሬል መሬት መሬት አየ። መዋሸት እኔ አላስተማርኩትም።

«አላውቀውም ኮች። አንድም ቀን አላስተማሩኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። አሁን እንኳ ስገባ ምን እንደተባለ አልገባኝም። ዝም ብዬ ነው የሮጥኩት።»

«ገብተህ ነበር እንዴ?» አለ ስታንፊል። ከዚያ ሰዓቱን አየ። «በል በርታ እሺ። ለእናትህም በርታላቸው።» ሌላ የሚያቅፈው ልጅ አይቶ ኖሮ ፈጠን ብሎ ሄደ።

ልጄ የራስ ቁሩን ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጥ ቆየ። ማልያው ላይ አንድ የሣር ነጥብ የለም። አቅፌ ወደ ቤት ልወስደው፣ ከዚያም ማንም ኮች በሬን እንዳያንኳኳ ውሻ ልገዛ አማረኝ።

«እማ፣ አንቺ ግን አይተሽኛል፣ አይደል?»

«አይቼሃለሁ ልጄ።»

«ፈጣን ነበርኩ?»

«ማን ደርሶብህ!» አልኩት። እውነቴን ነው፤ የተከተለው ሰው አልነበረም።