አርባ ችካል

ታላቅ ወንድሟ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል፤ እሷ ግን ስለ እሱ ከኮምፒውተር ጋር መሟገቷን አልተወችም።

መሥሪያ ቤቷ በየዓመቱ ከየዳገቱ ስንት አፈር እንደሚታጠብ ይገምታል። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ለዝናቡ ኃይል፣ ለአፈሩ ዓይነት፣ ለቁልቁለቱ፣ መሬቱን ለሸፈነው ተክልና ለእርከኑ ቁጥር ቁጥር ይሰጥና ይባዛል። ሞዴል የሚሉት ይኸንኑ ነው። ብዜት ግን ምሕረት አያውቅም፤ አንዱ ቁጥር ከተንጋደደ ሁሉም ተያይዞ ገደል ይገባል።

ወንድሟ የዚያው መሥሪያ ቤት የመስክ ለኪ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ አርባ የብረት ችካል ተክሎ፣ ዝናቡ ባለፈ ቁጥር ከአፈር በላይ የሚታየውን ብረት ይለካል። አፈሩ ሲሄድ ብረቱ ይጋለጣል። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አደረገ። "ሚሊሜትር" ይሉት ነበር፤ ሲጠሩት አቤት ይላል። ሪፖርት ላይ ግን ስሙ ወጥቶ አያውቅም። የእሱ ልፋት "የመስክ መረጃ" ተብሎ ነበር የሚታለፈው።

ዘንድሮ ሞዴሉ ከዚያ ዳገት በሄክታር አርባ አንድ ቶን ይታጠባል አለ። የሚሊሜትር ችካሎች ዘጠኝ አሉ።

"ችካሉን ተዪው" አሉ አለቃዋ።

"ለምን እተወዋለሁ? ሞዴሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያወራው። ጋሼ ዳገቱ ላይ ነበር።"

ሳምንት ሙሉ ተከራከረች። በመጨረሻም ተክሉ በበዛ መጠን የሚያንሰውን የሽፋን ቁጥር ስትቀንስ፣ ስትቀንስ ሞዴሉን ዘጠኝ ላይ አሳረፈችው። አለቃዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

"የበቆሎ ማሳውን እኮ ጫካ አደረግሽው። የቀረው ዝንጀሮ ብቻ ነው።"

"በቆሎው ጥሩ ይሆናል።"

"ዘጠኝ ከሆነ እኮ ዳገቱ እርከን ከሚሠራላቸው ዝርዝር ይወጣል። የወንድምሽ ቤት ደግሞ ከሥሩ ነው።"

"አውቃለሁ። ልኩ ይነገር ነው የምለው።"

እሳቸውም ታክቷቸው ነበር። "እሺ፣ የእጅ ጽሑፉን አምጪና አያይዢው። ስሙንም ሪፖርቱ ላይ ጻፊለት።"

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሚስቱ ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ብላ ከዳገቱ የወረደውን ደለል በአካፋ ትዝቃለች። ስታያት ቀና ብላ ወገቧን ያዘች።

"እትዬ፣ ተይው፣ እኔ ልቀበልሽ።"

"ምኑን ትቀበይኛለሽ? ዛሬ ብትዝቂው ከርሞ ያው ነው። ነይ ግቢ፣ ቦርሳውን አዘጋጅቼልሻለሁ።"

የመስክ ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አወጣች። የብረት ማስመሪያው ተከተለ። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እጇ ገባ።

"መዶሻ ደግሞ ምን ሊያደርግለት ነው?"

"አታውቂውም እንዴ? ያ ሰውዬ የተንጋደደ ነገር አይቶ ያልፋል? ፎቶው ግድግዳው ላይ ካዘመመ ምሳው አይወርድለትም። ዝናብ ሲያልፍ ችካሎቹ ይላላሉ፣ ዘመም ይላሉ። መጀመሪያ ሁሉንም ያቀናና መታ መታ አድርጎ ያጠብቃቸዋል፤ ከዚያ ነው የሚለካው። ዘሞ የቆመ ነገር ልኩን አይሰጥም ይል ነበር።" የሚስቱ ፊት በራ። "እንደሱ የሚጠነቀቅ አላየሁም።"

"ሳይለካ በፊት ነው የሚመታው?"

"ሁልጊዜ።"

እህትየው መዶሻውን ከደብተሮቹ አጠገብ አስቀመጠች። ዝናቡ ያጋለጠውን ብረት ወንድሟ በመዶሻ መልሶ ይቀብረው ነበር። ከዚያ የተረፈውን ሚሊሜትር በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ መስመር ሳይስት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ጻፈ።

"ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ?"

ነገረቻት። አላሳመረችውም፤ ለማሳመር አቅም አልነበራትም። ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ መፈቅፈቅ ጀመረች።

"ባልነግርሽ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።"

"አዎ።"

"አሁንስ ዝም ብትዪ?"

"ዳገቱ እርከን አይሠራለትም።"

ሚስቱ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየች። "ዘጠኝ ቶን ነው ያልሽኝ? ዘጠኝ ቶኑን እኔ ብቻዬን ዝቄዋለሁ።" ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። "ስሙን ይጽፉለታል ብዬ ለልጆቹ ነግሬአቸው ነበር።"

"እኔ ነኝ ያስነገርኩሽ። እኔው እነግራቸዋለሁ።"

"ተዪው፣ እናታቸው እኔ ነኝ።" ደብተሮቹን ሰብስባ ወደ ቦርሳው መለሰች። "እነዚህ ካላስፈለጓችሁ እዚሁ ይሁኑ።"

እህትየው ሌላውን አካፋ አንስታ ወጣች። ደለሉ ውሃ ጠግቦ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እስከ እኩለ ቀን ሲዝቁ ውለው ግማሹን እንኳ አላገባደዱትም።

ሰኞ ጠዋት የበቆሎውን ቁጥር ወደነበረበት መለሰችው። ስክሪኑ ላይ አርባ አንድ መጣ። አለቃዋ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

"ሚሊሜትርስ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ከሪፖርቱ ይውጣ" አለች፤ ወደ ቀጣዩ ዳገትም አለፈች።