ከዕዳና ከእገዳ ነፃ

በላሁት አለች እኮ እህቴ፣ ራሷ፣ በገዛ አፏ፣ ገዢው ቆሞ እየሰማ፣ እኔ አላልኩም፣ እኔ የግብሩን ገንዘብ ምን አደረግሽው ነው ያልኩት፣ መጠየቅ ደግሞ መብቴ ነው፣ የእናቴ ቤት ነው የተሸጠው፣ ግማሹ የኔ ነው፣ ክላቹን ቀስ ብለው ይልቀቁት ዶክተር፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ሞተሩ ጠፋ። ምንም አይደል። ያስነሱት። ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ዶክተሯ መሪው ላይ ሙጭጭ ብላለች፣ የሰው ሆድ ከፍታ ስትሰፋ እጇ ንቅንቅ አይልም ይሏታል፣ አደባባይ ስታይ ግን ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል፣ አይዞዎት እላታለሁ፣ እኔ አለሁ፣ በኔም እግር ሥር ፍሬን አለ፣ ስንቱን አይዞህ አይዞሽ ብዬ መንጃ ፈቃድ አስይዣለሁ፣ ለገዛ እህቴ አንድ አይዞሽ ጠፋኝ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ላስብ፣ በሥርዓቱ።

እናታችን ሞተች። ቤቱን እኔና ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ወረስን። ሸጥን። ውል ተፈራረምን፣ ገንዘቡን እኩል ተካፈልን፣ ቁልፍ አስረከብን፣ አለቀ፣ ተገላገልን። ከዚያ ገዢው ስሙን ሊያዛውር ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ ይሄ ቤት ግብር ሳይከፈልበት ዓመታት አልፈዋል ትለዋለች፣ ውዝፉ አለ፣ ቅጣቱ አለ፣ ወለዱ አለ፣ ይሄ ሁሉ ካልተከፈለ ስም አይዞርም። አናጢ ነው ሰውዬው፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ሲገጥም ኖሮ ገና አሁን የራሱን ሊገጥም፣ ትናንት ጠዋት ደወለልኝ፣ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ወንድሜ የሆነ ስህተት ሳይኖር አይቀርም አለኝ በትሕትና፣ ትሕትናው ነው ያበገነኝ፣ ጨዋ ሰው ፊት አጭበርባሪ ሆኖ መታየት።

ግራ ፍሬቻ። ግራ ዶክተር። እሱ ቀኝ ነው።

ከሰዓት እዚያው ቤት ተገናኘን፣ ሦስታችን፣ ሰውዬው የእናቴን መኝታ ክፍል ግድግዳ አፍርሶ ከሳሎኑ ጋር አቀላቅሎታል፣ አቧራው ገና አልሰከነም፣ እትዬ ፍርስራሹን ተሻግራ መጥታ ቆመች፣ እኔ ሰላም እንኳ ሳልላት፣ የግብሩን ገንዘብ ምን አደረግሽው። ምክንያቱም ከፊት ያለችው ክፍል ትከራይ ነበር፣ ኪራይዋ ለቤቱ ግብር ይሁን ተባብለን ነበር፣ ኪራዩን የምትቀበለው እሷ፣ እናቴ ጋ የምትኖረው እሷ፣ ታዲያ ማንን ልጠይቅ። አየችኝ። ሰውዬውን አየችው። በላሁት አለች። በቃ፣ አንዲት ቃል። ሰውዬው መሬት መሬቱን አየ፣ እኔ ደግሞ፣ ምን አልኩ እኔ፣ በታላቅነትሽ አታፍሪም አልኩ። ብያለሁ። ታላቄን፣ አዝላ ያሳደገችኝን፣ በባዕድ ፊት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች፣ እኔም፣ ይሄንን ከማን እደብቃለሁ፣ ቅልል አለኝ፣ ጥፋተኛው ተገኘ፣ እኔ አይደለሁም።

ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ።

ውሉ። ውሉ ነው። ውል ጸሐፊው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ እያነበበ፣ ሻጮች ቤቱ ከማንኛውም ዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን እናረጋግጣለን፣ እኔ ፈርሜ ነበር፣ እስኪርቢቶው እትዬ እጅ ላይ ነበር፣ ቆመ። አየሁት ሲቆም። ቀና ብላ፣ ማሙሽ፣ አንዴ ውጭ ወጣ ብለን እናውራ አለችኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማሙሽ የምትለኝ እሷ ብቻ ነች፣ እኔም ሳቅ ብዬ፣ እትዬ ፈርሚ እንጂ ሰው አናስጠብቅ። ሰው አናስጠብቅ! ገዢው ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቼ እንጂ ማን ቸኮለ፣ የሆነ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፣ ምን እንደሆነ ባላውቅም እንዳለ አውቄያለሁ፣ ሳልሰማው ይለፍ ብዬ ነው፣ ካልሰማሁት እኮ የለም። ፈረመች። እጇ ደግሞ የፀጉር ሠሪ እጅ ነው፣ ፈጣን፣ ያን ቀን ግን እንደ ተማሪ ፊደል በፊደል ነበር የጻፈችው።

ፍሬን። ፍሬን ዶክተር፣ እኔው ረገጥኩት። ይቅርታ ትላለች፣ አላየኋትም። ፊት ለፊታችን ፒክአፕ ቆማለች፣ ጭነቷ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው፣ ረጃጅም፣ ቀለማቸው የተላላጠ፣ በገመድ የታሰሩ፣ ፒክአፗ ትንሽ ስትንፏቀቅ ብረት ከብረት እየተጋጨ ይንቃጨላል፣ ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው፣ ተው እንጂ፣ የት እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ራስጌ። አንዱ አልጋዋ አጠገብ፣ ባዶው በሩ ኋላ፣ እሁድ እሁድ ስሄድ፣ ሁሉንም እሁድ አይደለም፣ ስሄድ፣ እትዬ ብቻዋን እያንከባለለች ስትቀይረው፣ እንደ ቁምሳጥን እንደ ወንበር የቤት ዕቃ መስሎኝ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ይሄ ከየት ይመጣል አላልኩም።

ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አፌ ነው የሚናገረው፣ እንደዚያ ያለው አንዱ ሲሊንደር ቤት ለተኛ በሽተኛ ስንት ቀን ይሄዳል? ስለ ሥራዋ ሲነሳ ትከሻዋ ይላላል፣ እንደ አከፋፈቱ ነው ትለኛለች፣ ትንሽ ለሚበቃው ሁለት ቀን ቢሄድ ነው፣ ሕመሙ ሲብስበት ደግሞ ከቀን አያልፍም፣ የማስሞያው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም፣ ስንት ቤተሰብ ነው በሱ የተራቆተው፣ የእርስዎ ሰው ታሞ ነው?

አረንጓዴ በራ እላታለሁ። ይሂዱ።

ሁለት ቀን። እናቴ የተኛችው ከሁለት ዓመት በላይ ነው። የክፍሏ ኪራይ ስንት ነበርና፣ አይበቃም፣ ለግብርም ለምንም አይተርፍም፣ ለኦክስጅኑም አይደርስም፣ የቀረውን እትዬ ከየት አመጣችው፣ ፀጉር ቤቱን ትታ ቤት ውላለች፣ የጆሮ ጌጦቿ፣ አዎ፣ ጆሮዋ ባዶ ነበር፣ አይቼ ጌጥሽን ረሳሽ ወይ ብያት ረሳሁ አለችኝ፣ እኔም አመንኳት፣ ማመን ምን ያስከፍላል። እኔስ ምን ሰጠሁ። ብርቱካን። በፌስታል ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ፣ እናቴ መዋጥ እያቃታት፣ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ እልጣለሁ፣ እየላጥኩ እያወራሁ፣ የምበላው እኔው። የበላሁትስ እኔ ነኝ። አንዴ እትዬ ደውላ ማሙሽ ይሄ ነገር ከአቅሜ በላይ እየሆነ ነው ብላኛለች፣ በዚህ ወር እጄ አጥሯል አልኳት፣ የሚቀጥለው ወር እናያለን፣ እጄ አላጠረም፣ ለመኪና እያጠራቀምኩ ነበር፣ የራሴን የማሠልጠኛ መኪና ልገዛ፣ የሰው ቅጥረኛ ሆኜ ላልቀር፣ የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ደግማ አልደወለችም፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ተመስገን!

በላሁት ማለቷ ገባኝ። ሌላ ምን ትበል፣ ወንድሜ ለእናቱ መተንፈሻ አልከፈለም ትበል ያ ሰውዬ ፊት? እኔን ሸፍና እኮ ነው፣ እኔ ደግሞ በሸፈነችኝ ጨርቅ መታኋት።

ስልኬ ይጮሃል። ገዢው ነው። ዶክተር፣ እዚህ ዳር ያዙልኝ፣ ጎሽ፣ እንደሱ። ወንድሜ፣ ይላል አናጢው፣ ነገሩ አለቀ፣ እህትዎ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ድረስ መጥተው ሁሉንም ከፈሉ፣ ስሙም ሊዞርልኝ ነው፣ በኔ በኩል ቂም የለም። ከምኗ ከፈለች እላለሁ፣ እንጃ እኔ ምን አውቃለሁ ይለኛል፣ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ከድርሻዋ ነው፣ ፀጉር ቤት ልትከፍት መደብር አግኝታ ቀብድ ልትሰጥበት ከነበረው፣ መስታወት እዚህ፣ መታጠቢያው እዚያ እያለች በጣቷ አየር ላይ ስትሥልልኝ ነበር። ሊቀለኝ አይገባም? ዕዳው ተከፍሏል፣ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፣ አይቀለኝም።

ዶክተር፣ ዛሬ መንገድ ልንቀይር ነው፣ አንድ ቦታ ያድርሱኝ፣ እንደ ልምምድ ይቁጠሩት። አታስጨንቀኝም፣ ምልክት እየጠየቀች ትነዳለች፣ በስተቀኝ፣ ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ጠባቧ መንገድ፣ እትዬ የተከራየችው ክፍል ደጃፍ ላይ። ወርጄ እቆማለሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ አጎንብሳ ትልልቅ የፀጉር ማድረቂያዎች ወደ ካርቶን ትመልሳለች፣ አሮጌዎቹን፣ ከድሮ ሥራዋ ያስቀረቻቸውን፣ ምን ፈለግህ አትለኝም፣ ግባ አትለኝም።

አልበላሽውም እላለሁ። 

ታውቅ ነበር ትለኛለች። መጠየቋ አይደለም፣ መናገሯ ነው።

ላልዋሽ አልኩ፣ አንዴ እንኳ። አውቅ ነበር። ኦክስጅኑን አይ ነበር፣ ያላየሁ መስዬ ነው እንጂ፣ እትዬ ይቅር በይኝ፣ የከፈልሽውን ነገ ሙሉውን አመጣለሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም፣ አሁኑኑ ባንክ እንሂድ ብትይም እንሂድ፣ እያልኩ ነው፣ እየለፈለፍኩ ነው፣ እሷ ካርቶኑን በፕላስተር ታሽጋለች። ጨርሳ ቀና ትላለች። ዛሬ ጠዋት፣ ትላለች፣ ማዘጋጃ ቤት መስኮቱ ጋ አጠገቡ ስቆም ያ ሰውዬ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳበው። ሳያስበው ነው። ደግ ሰው ነው፣ ሳያስበው ነው የሳበው።



እንሂድ እላታለሁ፣ ሰውዬው ጋ። ነጠላ ጫማዋን ትቀይራለች፣ ከኋላ ትገባለች፣ ዶክተሯ በመስታወቱ አይታት ጤና ይስጥልኝ ትላለች፣ እትዬ ደህና ነሽ ልጄ ብላ ወደ ውጭ ታያለች፣ በመንገዱ ሁሉ እኔ ቃል አፌ ውስጥ አገላብጣለሁ፣ ነገሩን ለስለስ አድርጌ ብጀምረው፣ አለመግባባት ነበር ብል፣ በቤተሰብ መሀል ያለ ነው ብል፣ አይ፣ አለመግባባት አልነበረም፣ በደንብ ተግባብተን ነበር፣ እሷ ትከፍላለች እኔ አላይም።

በሩን አናጢው ራሱ ይከፍታል፣ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ፣ እትዬን ሲያይ ግራ ይገባዋል፣ ግቡ ይላል፣ አንገባም እላለሁ፣ እዚሁ ይበቃል፣ ከኋላው ሁለት ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አቁመው ያዩናል፣ ይስሙ፣ እንዲያውም ይስሙ። ትናንት እርስዎ ፊት እህቴን ያዋረድኳት በሐሰት ነው። ገንዘቡን አልበላችውም። እናታችን የተነፈሰችው በሱ ነው። መክፈል እኔም ነበረብኝ፣ አልከፈልኩም፣ ብቻዋን ከፈለች፣ ሲጠየቅ ደግሞ በኔ ፈንታ እሷ አፈረች።

ሰውዬው እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ ከዚያ ለእትዬ በሁለት እጁ እጅ ይነሳታል፣ እናቴ እያለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠዋት፣ እሺ እሺ ትለዋለች፣ ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ እኔን ማንም አያየኝም፣ ጉንጬ ይቃጠላል፣ ይቃጠል።

መኪናው ውስጥ ነን። ነገ እላለሁ፣ ነገ ባንክ እንደተከፈተ፣ መደብሩ ሳያመልጥሽ፣ ሙሉውን።

ግማሹን፣ ትላለች እትዬ።

እንዴ እትዬ፣ ሙሉውን እንጂ፣ ስንት ዓመት ብቻሽን፣ እባክሽ ሙሉውን ተቀበይኝ።

ሙሉውን ሰጥተህ ልትገላገል? አይሆንም። የሁለታችንም እናት ነበረች፣ ግማሹን ታመጣለህ፣ ግማሹ የኔ ነው፣ እኔም ልጇ ነኝ።

ዶክተሯ እኔን ታየኛለች፣ የት ልሂድ እንደማለት፣ እኔም መንገዱ ጠፍቶብኛል፣ ለካ በገንዘብ ልወጣው ነበር የቸኮልኩት፣ ቆጥሬ ሰጥቼ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ተብዬ፣ አወቀችብኝ፣ ሁሌም ታውቅብኛለች፣ እሺ እትዬ እላለሁ፣ ግማሹን፣ የቀረው እኔ ጋ ይቀመጣል፣ የትም አይሄድም፣ እሺ።