«አባቴ ሞቷል» የሚለው ማመልከቻ

ዓምደሚካኤል አባቱ የተቀየሙት ይመስለው ነበር። ሲስት መኖሩን ያወቀው ከተቀበሩ በኋላ፣ በሠልስታቸው ቀን ነው።

አቶ ወልደገብርኤል ፒያሳ ከሚሠሩበት ምግብ ቤት ወጥተው ሲመጡ፣ ልጃቸውን ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር ካዩ ወዲያ ማዶ ይሻገሩ ነበር። ፊታቸውን ወደ ወርቅ ቤቶቹ መስኮት መልሰው፣ ሊገዙ እንዳሰቡ ሰው፣ እሱ እስኪያልፍ ይቆማሉ። ልጁ ይህን እንደ ቂም ቆጠረው፤ ከቤት ወጥቶ አፍንጮ በር በመከራየቱ የተቋጠረ ቂም። ቂም መስሎትም እሱ በበኩሉ ቂም ያዘ። በየእሑዱ መምጣቱን ተወ፤ ኋላማ በዓል ካልሆነ ብቅ አይልም ነበር።

«እኔን ብትጠይቁኝ፣ ያን የጣሊያን ኮሎኔል ከአገር ያስወጣው ጥይት አይደለም፤ የጋሽ ወልዴ በርበሬ ነው» አለ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አስገዶም፣ ንፍሮውን በመዳፉ እያሻሸ።

«አንተ ደግሞ! ለቅሶ ቤት መሆኑን ረሳኸው?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ወርቅአፈራሁ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ራሳቸው ናቸው ያወሩኝ። ‹ፓስታው ላይ ደህና አድርጌ ነሰነስኩበት፤ ኮሎኔሉ እንባውን እየጠረገ፣ የእናቴ እጅ ትዝ አለኝ ብሎ ጉርሻ ሰጠኝ› ብለው።»

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በሁለት ቤቶች መካከል እንደ ምንም የተወጠረው ድንኳን በሳቅ ተነቃነቀ። ሳቁ ሲበርድ ሹክሹክታው ተተካ።

«እኔ የምለው፣ የልጁ መሥሪያ ቤትስ? ያ ሁሉ ባለ ክራቫት የት ገባ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማል።»

ዓምደሚካኤል ሰምቷል። ሰሌኑ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ጉልበቱን አቀፈ። ፈቃድ ሲጠይቅ «ሐዘን ደርሶብኛል» ከማለት በቀር የሟቹን ማንነት ለማንም አልተናገረም ነበር። እንዴትስ ይናገር? በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል።

ነገሩ ጠላት በወጣ ማግስት የተፈጸመ ነው። ዓምደሚካኤል ትምህርቱን ጨርሶ፣ የመጀመሪያውን የሥራ ማመልከቻ በገዛ እጁ አሳምሮ ጽፎ፣ በጊዮርጊስ አጥር ሥር ሣጥን ላይ ወረቀት ዘርግተው ለሚውሉት ለማመልከቻ ጸሐፊው ለአቶ እሸቴ አሳያቸው። ሒሳብ አውቃለሁ፣ ጽሕፈቴ የታረመ ነው፣ የውጭ ቋንቋ እናገራለሁ፣ በትጋት እሠራለሁ ይላል። አቶ እሸቴ አንብበው ሲያበቁ ወረቀቱን እንደ ቆሸሸ መሐረብ በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት።

«ይኼ ማመልከቻ ነው ፉከራ? ‹እኔ፣ እኔ፣ እኔ!› ሹም እኮ የሚያውቅ ሰው አይፈልግም፤ የሚያመሰግነው ሰው ነው የሚፈልገው።»

«ታዲያ ሥራ ስጠይቅ የምችለውን ካልጻፍኩ ምን ልጻፍ?»

«የምትችለው እንደ ጨው ነው፤ መጨረሻ ላይ ቆንጠር። መጀመሪያ ማዕርጉን ሳታዛንፍ ትጠራለህ፤ ማዕርጉን ያጎደልክበት ሰው ቀሪውን አያነብልህም። ቀጥሎ ቁስልህን ትገልጣለህ። ግን እንዳታላዝን፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር አሳይተህ ቶሎ ሸፍነው። ሹሙ ራሱ ሊገልጠው እጁን ይዘርጋ። ማመልከቻ እንደ ሙሾ ነው ልጄ፤ ጥሩ አልቃሽ ራሷ አታለቅስም።»

ከዚያም ብዕራቸውን ቀለም አጠቀሱ፤ ስለ አባቱ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁት ጻፉ፦ «አባቴ ለአገሩና ለንጉሠ ነገሥቱ ሲዋደቅ በዱር ቀርቷል፤ የት እንደ ወደቀ የሚያመለክተኝ ሰው አላገኘሁም።» ዓምደሚካኤል አነበበ። ጆሮው ጋለ። ያን ጊዜ አባቱ ከመቶ እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አፉን ሊከፍት አሰበ፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን እጅግ ያማረ ነበርና ከፍሎ ሄደ።

ማመልከቻው ሠራ። ሠራ ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው አርበኛ የነበሩት የሠራተኛ ጉዳይ ሹሙ ቀኛዝማች ገብረዮሐንስ አስቀምጠውት፣ አዲስ ሥራ ፈላጊ በመጣ ቁጥር «ማመልከቻ ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ያነቡለት ጀመር። አንድ የድል በዓል ዋዜማ ደግሞ ሠራተኛውን በሙሉ አስነሥተው፣ በየዱሩ ለቀሩት፣ በተለይም ለዓምደሚካኤል አባት፣ በዝምታ አቆሙት። ዓምደሚካኤልም በሕይወት ላሉት አባቱ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ማታ እናቱ ዘንድ ሄዶ፣ አባቱ ከምግብ ቤት ያመጡለትን ላዛኛ በላ። ጣፍጦት ነበር፤ ኋላ ራሱን የተጸየፈው በዚህ ነው።

«ልጠጋህ?» አለው አንድ የሻከረ ድምፅ። አቶ እሸቴ ነበሩ፤ አርጅተዋል፤ ጣታቸው ላይ ያለው የቀለም እድፍ ግን አልለቀቀም። ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ያችን ማመልከቻ ከራሴ አፍልቄ የጻፍኳት መስሎህ ስትሸሸኝ ኖርህ፤ አይደል?»

«ጋሽ እሸቴ፣ ዛሬ ይቅርብኝ።»

«ዛሬ ካልሆነ መቼ? አደራ ያለኝ ሰው አፈር ገባ። አንተ ልትመጣ በዋዜማው፣ አባትህ ሽርጡን እንደ ታጠቀ መጣ። ‹ነገ ልጄ ይመጣል፤ ሙት ብለህ ጻፈኝ› አለኝ። ‹አንተ ሰው፣ ቆመህ እየሄድክ!› ስለው፣ ‹የጣሊያን ወጥ ቤት ልጅ ከሚባል የሙት ልጅ ቢባል እንጀራ ያገኛል። እኔ ኖሬ ምን አደረግኩለት? እስቲ ሞቼ ልጥቀመው› አለ።»



«አንድ ቀን ደግሞ» ቀጠሉ ሽማግሌው፣ «ከባልደረቦችህ ጋር ስታልፍ አይቶ ማዶ ሲሻገር አገኘሁት። ‹ምነው፣ ልጅህን ሰላም አትልም?› አልኩት። ‹ሙት በመንገድ ላይ ሰላም ይላል እንዴ?› ብሎኝ ሳቀ።»

ዓምደሚካኤል ወደ እናቱ ዞረ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል።

ይህን ጊዜ ነው የድንኳኑ አፍ የጨለመው። ቀኛዝማች ገብረዮሐንስ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ አራት የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አስከትለው ጎንበስ ብለው ገቡ። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ አግዳሚ ለቀቀላቸው።

«እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡና ዓምደሚካኤልን አተኩረው አዩት። «እንዲህ ያለ ሐዘን ተደብቆ ይያዛል? ከመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነው የሰማነው። ሟቹ ምንህ ናቸው?»

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ፤ እናቱ ግን ቀደሙት።

«የባሌ ወንድም ናቸው ጌታዬ» አሉና እጃቸውን መሬት ላይ ተመርኩዘው ተነሡ። ከሰሌኑ ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሄደው ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በባላቸው ሠልስት እንግዳ ሆኑ።

አስገዶም ጫማውን ያያል። በመጨረሻ እትዬ ወርቅአፈራሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ደግ አጎት ነበሩ» አሉ። «እጅግ ደግ አጎት» አለ ሌላው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አንድ አባት ወደ አጎትነት አሻገረ።

«የጀግና ወንድም ናቸዋ!» አሉ ቀኛዝማች። «እንዲያውስ ታድለዋል። አባትህ አፈር እንኳ የሚያለብሰው አላገኘም፤ እሳቸው ከአልጋቸው፣ ከዘመድ መካከል ሄዱ። በል ተነሥ፣ ለአጎት ይህን ያህል መሬት አይወረድም። ና፣ እኔ ዘንድ።» አጠገባቸው ያለውን ክፍት ቦታ መታ መታ አደረጉ። ከዚያም ወደ እናቱ ዞሩ፤ «ስማቸውን ይንገሩኝ እመቤቴ፤ ነፍስ ይማር እንበል።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት «ፈቀደ» አሉ። በዘመዱም በሰፈሩም ፈቀደ የሚባል ሰው አልነበረም።

ቀኛዝማች ቆሙ፤ ድንኳኑ ተከትሏቸው ቆመ። «የወንድማችንን የፈቀደን ነፍስ ይማር!»

«ይማር» አሉ ሰዎቹ፣ ድምፃቸውን እየዋጡ።

«ወልደገብርኤል ነው የሞተው» አለ ዓምደሚካኤል ከመሬቱ። «ጌታዬ፣ አባቴ ናቸው። በዱር አልወደቁም። ወጥ ቤት ነበሩ፤ ከትናንት በስቲያ ነው የቀበርናቸው።»

ቀኛዝማች ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲረዱ ፊታቸው ላይ የታየው ቁጣ አልነበረም፤ የገዛ ሙታኑ የተሰረቁበት ሰው ፊት ነበር። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ፤ አራቱም ተከተሏቸው።

«ምን አደረግህ?» አሉ እናቱ ከአግዳሚው በሹክሹክታ። «እሱ የሞተልህን ነገር! አሁን ገና በከንቱ ሞተ።»

አቶ እሸቴ ሊያነሡት እጃቸውን ዘረጉለት። ዓምደሚካኤል ከመሬት አልተነሣም።